የማይቀመጡባቸው ወንበሮች

ወንበር ሲንቋቋ እደነግጣለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ሐኪሙ ደግሞ ደም ግፊት ነው ይላል። ግፊቱስ አለብኝ፣ አልክድም፤ የወንበሩ ድንጋጤ ግን ከግፊቱ በፊት የመጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የእትዬ ለተብርሃንን ሙት ዓመት ልናስብ አሜሪካ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ደልዳላ ሰውዬ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ደገፍ ሲል ያ ተጣጣፊ ወንበር ሲጥ አለ። እኔ ሆዬ፣ "ኧረ በማርያም፣ ቀስ!" ብዬ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። ሰውዬው ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ጠረጴዛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሶፍት አንስቼ አፌን እንደ መጥረግ አልኩና ስለ ምስሩ ወጥ ማውራት ጀመርኩ።

ይህን ጊዜ ነው ሰናይት የመጣችው። ሰናይት የእትዬ ለተ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ የምትሠራ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሳ በአንድ እጇ ስልክ በሌላው የውሃ ጠርሙስ ይዛ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹን ስትዞር የዋለች። እናቷ የሞቱ ጊዜም እንዲሁ ነበረች። አበባውን፣ ቄሱን፣ ምግቡን ሁሉ እሷ አዘዘች፣ እንግዳውን እሷ ተቀበለች፤ አንድ ዘለላ እንባ ግን አላየንባትም። ሴቶቹ "አሜሪካን ሆናለች" ብለው አሟት። እኔ አላማኋትም፤ ሐሜት ጠልቼ ሳይሆን፣ እናቷንም አንድ ጊዜ እንዲሁ ሲያሟቸው ሰምቼ ስለነበር ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና፣ "አንቲ ሙሉ፣ ትንሽ ስፒች ላደርግ ነው። ያን የማሚን ስቶሪ ልናገር፣ የፍሎሩን። አንቺ እዛ ነበርሽ አይደል? ትሩ ነው?" አለችኝ።

የፍሎሩ ስቶሪ የምትለውን ኦሮራ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አባቷ ጋሽ ወልዳይ የሞቱ ጊዜ እናቷ ወንበር አልቀመጥም ብለው መሬት ወርደው አለቀሱ፤ ለቅሶ ደራሹም ተከትሎ ወረደ። ይኸው ስንት ዘመን ሲወራ ኖረ። ታሪኩ እውነት ነው፤ የወረዱበትን ምክንያት ግን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዷ ሙት ዓመታቸውን ያወጣንላቸው እትዬ ለተ ናቸው። ሁለተኛው ባሌ ግርማ ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ድንገት ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ሥራ ያገኛል። የቀረሁት እኔ ነኝ። "እሺ ልጄ፣ መጀመሪያ ሰዉ ይብላ" አልኳትና ጊዜ ገዛሁ። እሷ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች። ብነግራት የእናቷን ትልቅ ታሪክ ላፈርስባት ነው፤ ባልነግራት በሙት ዓመታቸው ቀን ሰው ፊት መዋሸቴ ነው። ሳህኔን ገፋ አደረግኩት።

የዚያን ዘመን ነገር በዓመት ቁጥር አልናገርም፤ ቁጥሩን ልጆቹ ኢንተርኔት ላይ ያገኙታል። እኔ የማስታውሰው ቤንዚን አንድ ዶላር ከምናምን ሳንቲም እንደነበረ ነው። እኔና ግርማ ኢስት ኮልፋክስ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ ኦሮራ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ላይ አንድ አፓርታማ ተከራይተን ነበር፤ ምንጣፉ ከእኛ በፊት የኖረ ሰው ድመት ሽታ ያልለቀቀው። ኮልፋክስ ላይ ግማሽ ፊደሉ የጠፋ የሞቴል መብራት፣ ጊታርና የጋብቻ ቀለበት መስኮቱ ላይ የደረደረ በዕቃ መያዣ የሚያበድር ቤት፣ ጎማ ቤት፣ ከዚያ ጥጉ ላይ በርበሬና የስልክ ካርድ ባንድ መደርደሪያ የሚሸጥ የሐበሻ ግሮሰሪ። የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን፣ በሳንቲም ፍቀን፣ ያን ሁሉ ቁጥር ጠቅጥቀን፣ "ሃሎ፣ ይሰማል?" እያልን ግማሹን እንጨርሰዋለን። ወንዶቹ ትከሻው የተነፋ የቆዳ ጃኬት ይወዱ ነበር። እኛ ከልባሽ ሱቅ በገዛነው፣ ፍራሽ በሚያክል ካፖርት ላይ ነጠላ ጣል አድርገን አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ እንሳፈራለን፤ ማን በማን ይስቃል፣ ሁላችንም አንድ ነን። ግርማ ለአንድ የጨረታ ቤት ቫን ይነዳ ነበርና ቫኑ ውስጥ አንዲት የክራር ካሴት ነበረችው። ቴፑ ስለሚጎትት ዘፋኙ ሁልጊዜ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ዛሬ ልጄ ያንኑ ዘፈን ከስልኳ ስትከፍትልኝ፣ በደህና ፍጥነቱ ሲሄድ ስሰማው ምን አስቸኮለው እላለሁ።

ያ ዘመን ደግሞ የፍርሃት ዘመን ነበር። የሌላውን አላውቅም፤ የእኔ ግን ነበር። የጥገኝነት ጉዳያችን ገና ዳኛ ፊት ነው፤ ቀጠሮው ይመጣል፣ ይራዘማል፣ ይመጣል፣ ይራዘማል። ጠበቃችን ደግ ሴት ናት፤ አንድ ቀን ግን ስንወጣ በር ላይ ያዘችንና፣ በዚህ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ተጠራጣሪ ሆኗልና ስማችሁ ፖሊስ ዘንድ እንዳይገባ፣ ትንሽ ነገርም ብትሆን፣ አለችን። ግርማ ይህን ሰምቶ እንደ ምክር ያዘው። እኔ እንደ ፍርድ ያዝኩት። መንገድ ስሻገር መኪና የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ መብራቱ ካልፈቀደልኝ ንቅንቅ አልልም፤ በረዶ እየዘነበብኝ ብቻዬን ባዶ መንገድ ዳር ቆሜ የምታዩኝ እኔ ነበርኩ። በር ሲንኳኳ ደግሞ የሌለሁ መስዬ እቆማለሁ። ይህን በሽታ ከአገር ቤት ይዤው ነው የመጣሁት። ታላቅ ወንድሜን በልጅነቴ አንኳኩተው ነው የወሰዱት፤ አልተመለሰም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ እንዲያውም ልጡን ሳላይም እበረግግ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ያ ታላቅ በረዶ የጣለው። የዴንቨር ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ መኪኖቹ ጣሪያቸው ብቻ ቀርቶ ጉብ ጉብ ያለ መቃብር መስለው ነበር። በረዶው ሊጀምር ሲል ግርማ ዴንቨር ከአንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ቤት ለጨረታ የሚሸጡ ወንበሮች ጭኖ ይወጣል። ወደ ብሮድዌይ ጎዳና፣ ወደ ጨረታው ቤት ሲያቀና መንገዱ ተዘጋ። ለአለቃው ደወለ። አለቃው ጠና ያለ፣ በበጋ በክረምት ፓፒዮን የሚያስር ሰው ነው። ብርድ ውስጥ ካደሩ የድሮው ሙጫ ይሰነጠቃልና ቫን ውስጥ እንዳትተዋቸው፣ ቤትህ አስገባቸው አለው። ቀጥሎም፣ ማንም እንዳይቀመጥባቸው፣ አለው። ግርማ በረዶ ለብሶ፣ እያንዳንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው አንድ አንድ እያለ ደረጃውን ወጣ። ስምንት ነበሩ። ብርድ ልብሱን ሲገልጥልኝ ሳቄ አመለጠኝ። ቀለማቸው ነጭ ነው እንዳይባል አመድማ፣ አመድማ ነው እንዳይባል ነጭ፣ እሱም እዚህም እዚያም ተልጧል። እግራቸው ቀጥ ያለና ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ ቁመቱን በሙሉ ቦይ ቦይ የተቀረጸለት ነው። መደገፊያቸው እንቁላል ቅርጽ አለው፤ ማዕዘናቸው ላይ ጣት የምታክል አበባ ተቀርጻለች። "እነዚህን ነው በዚህ በረዶ ስትሸከም የዋልከው? ቀለም እንኳ የሚቀባቸው ሰው አጥተዋል" አልኩት። ግርማ አልሳቀም። ከስዊድን ናቸው አለኝ፤ የዚያ አገር ሰዎች በንጉሥ ዘመን የጥንቱን የግሪክና የሮም ሥራ እያዩ የሠሯቸው፣ የአሮጊቷ ቅድመ አያቶች በመርከብ ያመጧቸው። የተላጠው ቀለም ራሱ ነው ዋጋው አለኝ። ከዚያ ዋጋውን ነገረኝ። አንዱ ወንበር ከመኪናችን ይበልጣል። ስምንቱ አንድ ላይ ደግሞ፣ እኔ ያን ጊዜ የማውቀውን ገንዘብ ሁሉ ይበልጣሉ።

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። እኛ ሳሎናችን ውስጥ ያለን ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ፍራሽ ነበር። ስምንቱን ግድግዳ ዳር ደርድረን አንሶላዬን አለበስኳቸው፤ እኛ ወጥ ቤት መሬት ላይ ቁጭ ብለን በላን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ በጎኔ ነበር የማልፈው።

በማግስቱ ጋሽ ወልዳይ ሞቱ። የኛው አፓርታማ ግቢ ውስጥ፣ ከኛ ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ላይ ነበር የሚኖሩት። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ግን አዲስ አበባ ከተወለድነው ከኛ የጠራ፣ ታክሲ ነጂ፣ ጨዋታ አዋቂ። ከሕንጻቸው በር ላይ በረዶ ሲጠርጉ አካፋውን ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ አልተነሡም። አምቡላንሱ በስንት መከራ ገብቶ ወሰዳቸው፤ ግርማና ሌሎች ወንዶች የጎማውን ፈለግ ይዘው በእግር ተከተሉ። ከሰዓት በኋላ መርዶው መጣ። ሰዉ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መኪና በማይንቀሳቀስበት ቀን እስከ ጉልበቱ በረዶ እየጠለቀ ከየሕንጻው እየወጣ እትዬ ለተ ቤት ሞላ። የእድራችን ወንበር ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አባል ጋራዥ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሞንትቤሎ ደግሞ ያን ቀን ከአሥመራ ይርቅ ነበር።

በር ተንኳኳ። እንደ ልማዴ ክው ብዬ ቀረሁ፤ ከዚያ በሽንቁሩ ሳይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ በላይ ናቸው፣ ከሁለት ጎልማሶች ጋር። ስከፍትላቸው ነጠላቸው ላይ በረዶ ጋግሯል። ለሠርግ ወንበር ይለመናል፤ ለለቅሶ ግን አይለመንም፣ ይነሣል። አባቴም ቤት፣ አያቴም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ሰው ሲሞት ጎረቤት ገብቶ ያየውን ወንበር አንሥቶ ይሄዳል፣ ባለቤቱ "ሌላም አለ፣ ይጨመር" ይላል። ጋሽ በላይ አንሶላዬን ገለጥ አድርገው አዩና "ተመስገን፣ እናንተጋ አይጠፋም ብዬ ነበር" አሉ። ከአፌ "እነሱ እንኳ…" የምትል ቃል ወጣች። "ምን አልሽ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበል? ሰው ሞቷል። ወንበር ተደርድሮ እያዩት፣ ለወልዳይ ለቅሶ አይሆንም ልበል? ኦሮራ ውስጥ ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ እወጣለሁ? "ከባድ ናቸው፣ ቀስ ብላችሁ ያዟቸው ነው የምለው" አልኩ። ጋሽ በላይ ሁለቱን እንደ ጭራሮ ብብታቸው ውስጥ ሸጎጧቸው። "የምን ከባድ፣ የዶሮ እግር ነው" ብለው ወጡ፤ ጎልማሶቹም ሦስት ሦስቱን ይዘው ተከተሏቸው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከትያቸው ሮጥኩ። እትዬ ለተ ቤት ስገባ ያየሁትን እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። በሩ ላይ የረጠበ ጫማ ተከምሯል፤ ሳሎኑ በእርጥብ ሱፍ ሽታ ታፍኗል። ስምንቱም ወንበሮች ላይ ሰው ተቀምጧል። አንዱ በሁለት እግሩ ወደ ኋላ ተደግፎ ይወዛወዛል። አንዷ ሻይዋን ከጎኗ በቀረው የወንበሩ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ከሌላዋ ጋር ታንሾካሹካለች። አንዱን ማሞቂያው ጥግ አስጠግተውታል። ከጋሽ ወልዳይ ፎቶ አጠገብ ጧፍ ይነዳል፤ ጧፉ ከወንበር መደገፊያ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። ጋሽ በላይ ደግሞ መሃል ላይ፣ ያን የሚያህል ሰውነታቸውን በዚያች ቀጭን እግር ላይ አሳርፈው የሟችን ደግነት ይናገራሉ። እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ነፍሴ አብራ ትነሣለች። ያን ሰዓት እኔ በሐሳቤ ወንበሩ ተሰብሮ፣ አለቃው ፖሊስ ጠርቶ፣ ፖሊሱ ስማችንን ጽፎ፣ ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ አፍጥጣብን፣ እኔና ግርማ አውሮፕላን ላይ ተሳፍረን ነበር። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ማን እንደሚጠብቀኝም አይቼ ነበር።

ወንበሩ ተንቋቋ። ጋሽ በላይ ሥር። ጩኸቴን ለቀቅኩት፤ "ወይኔ!" ብዬ። ለቅሶ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ድምፁን ካሰማ ሌላው ዝም አይልም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ፈነዳ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ወንዶቹ ተንሰቀሰቁ፣ ያ የሚወዛወዘው ይበልጥ ተወዛወዘ፤ ጋሽ በላይም ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ሲያለቅሱ ያ ወንበር ሲጥ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። እኔ ደግሞ ሲጥ ባለ ቁጥር እጮሃለሁ። በጮህኩ ቁጥር ሰዉ ያለቅሳል። ሰዉ ባለቀሰ ቁጥር ወንበሩ ይንቋቋል። አይጣል ነው! አንዷ ለጎረቤቷ "ይቺ ደግሞ ለሟች ምኑ ናት?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

በዚያ ሁሉ መሃል ያላለቀሱት እትዬ ለተ ብቻ ነበሩ። ከፎቶው አጠገብ፣ ከስምንቱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ያን ጊዜ ገና የወተት ጥርሷ የወለቀውን ሰናይትን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ለገባው ሁሉ "በላችሁ? ሻይ ስጧቸው እንጂ" ይላሉ። እንባዋ ደርቋል፣ ልቧ ድንጋይ ነው እያሉ ያሟቸው የነበረው ያን ጊዜ ነው። የእኚህ ሴት ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ሰናይትን ለአንዷ ሰጡና ተነሥተው እጄን ይዘው መኝታ ቤት አስገቡኝ።

"ሙሉ፣ እኔ ለቅሶና ፍርሃት ለይቼ አውቃለሁ" አሉኝ። "ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?"

ባሏ የሞተባት ሴት ፊት ስለ ወንበር ማውራት ነውር ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ተናገርኩ። ወንበሮቹ የኛ እንዳልሆኑ፣ ዋጋቸውን፣ የአለቃውን ቃል፣ የጠበቃዋን ቃል፣ ሁሉንም። እትዬ ለተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ለምን በር ላይ አልተናገርሽም ሲሉኝ፣ ለለቅሶ የመጣን ሰው እንዴት ወንበር የለም እላለሁ አልኳቸው። በመስኮቱ ወደ በረዶው አዩ። "እውነትሽን ነው። እኔም አልልም ነበር" አሉ። ከዚያ ለራሳቸው የሚመስል ነገር ተናገሩ፤ ለቅሶ ደራሽ ደግሞ ተነሥ አይባልም፣ እርግማን ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ኋላ እጃቸውን ዘረጉልኝና "ነይ፣ ደግፊኝ" አሉ።

ደግፌ ሳሎን መለስኳቸው። ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። መሃል ምንጣፍ ላይ ሲደርሱ "ወልዳይን ለመሬት ልሰጥ ነው፤ እኔ ወንበር ላይ አልቀመጥም" አሉና ቁጭ አሉ። እንዲህ፣ እግራቸውን አጥፈው፣ መሬት። ሐዘንተኛዋ መሬት ወርዳ ከሷ በላይ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ያቺ ሻይዋን ያስቀመጠችው ሴት ወረደች። ከዚያ ወጣቶቹ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸው እየተንቋቋ። ጋሽ በላይን ለማውረድ ሁለት ሰው አስፈለገ፤ ሲወርዱ ወንበሩ እንደ ሰው ተነፈሰ። ስምንቱም ባዶ ቀሩ። እትዬ ለተ ቀና ብለው "ቦታ ይስፋ፣ ወንበሮቹን መኝታ ቤት አስገቧቸው፤ ሙሉ ታሳያችኋለች" አሉ። አስገባኋቸው፣ እግራቸውን አንድ በአንድ ዳበስኩ፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን አስደግፌ ስቆም ነው ከሳሎን ያን ድምፅ የሰማሁት። እትዬ ለተ ያለቅሱ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከአማርኛ ሌላ በኛ ፊት ተናግረው የማያውቁት ሴት በትግርኛ ያለቅሱ ነበር። ቃሉ አልገባኝም፤ ግን ያን ያህል ስንጮህ የነበርነው ሁሉ ለካስ ገና ለቅሶ አልጀመርንም ነበር።

ግርማ ሲመጣ ሬሳ መስሎ ነበር፤ ጋሽ ወልዳይን ስላጣ ይሁን ቤት ገብቶ ባዶ ግድግዳ ስላየ እኔንጃ። መንገዱ ተከፍቶ የእድሩ ተጣጣፊ ወንበሮች ከሞንትቤሎ እስኪመጡ ድረስ የኛዎቹ እትዬ ለተ መኝታ ቤት ተዘግቶባቸው ቆዩ። የእድሩ ወንበር ሲደረደር ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ተቀመጡ። እትዬ ለተ ግን አልተነሡም። "ይበቃል፣ ጉልበትሽ" አሏቸው፤ እምቢ አሉ። እስከ ቀብሩም፣ ከቀብሩም በኋላ ለቅሶው እስኪነሣ መሬት ናቸው።

የጨረታው ቤት አለቃ ወንበሮቹን ሲረከብ እኔም ቫኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ግርማን ብቻውን መላክ አልሆነልኝም። በባትሪ እያበራ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። አንዱ ላይ ቆም አለ። መደገፊያው ላይ ስንዴ ቅንጣት የምታክል የጧፍ ጠብታ ነበረች፤ ያን ሁሉ ስዳብስ እሷን ዘልያታለሁ። አለቃው በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት፣ አሸተታት። ከዚያ ፊቱ በራ። ሰም ነው፣ የዚያ ዘመን ቤቶች በሻማ ነበር የሚበሩት፣ እንዳትነኳት፣ እንዲሁ ትሁን አለ። ግርማ ወደኔ አላየም። እኔም ወደሱ አላየሁም። የጨረታው ቀንም ሄጄ ከኋላ ቆምኩ፤ ምላሱ የሚንከባለል ሰውዬ ዋጋ እየጠራ፣ ሰዎቹ የቁጥር ሰሌዳ እያነሡ፣ ማንም አንዱ ወንበር ላይ እንኳ ሳይቀመጥ፣ በስልክ የሚጫረት ፊቱን ያላየነው ሰው ወሰዳቸው። መዶሻው ሲወርድ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። ወረቀታችን ደግሞ ብዙ ቆይቶ መጣ፤ ሲመጣ ፍርሃቱ ለምዶኝ ስለነበር አብሮኝ ቀረ።

እትዬ ለተ ነገሩን ለማንም አላወሩም። ኦሮራ ግን አወራ። "እንደ ለተብርሃን ባሏን የምትወድ የት ትገኛለች" ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የሞተበት ሁሉ መሬት መውረድ ግዴታው መሰለው፣ የስንቱ ሽማግሌ ጉልበት በዚያ ተበላሸ። አንድ ጊዜ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሳቸው የሆቴል ሥራቸውን ዩኒፎርም እንደለበሱ፣ አመሰገንኳቸው። ወንበሩ ከመጣ በኋላስ ለምን አልተነሡም ብዬም ጠየቅኋቸው። በመስኮቱ ኮልፋክስን እያዩ፣ "ወንበር ላይ ሳለሁ የማየው እናንተን ነበር፤ ማን በላ፣ ማን አልበላ። መሬት ስወርድ ወልዳይን አየሁት" አሉኝ። መውረጃቸው ደርሶ የአውቶቡሱን የማቆሚያ ገመድ ሳቡ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሰው በልቶ ጨረሰ። ሰናይት ማይኩን ይዛ ወደ መድረኩ ስትሄድ ጠራኋት። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ በረዶውን፣ የስዊድኑን ወንበሮች፣ ጋሽ በላይን፣ ጩኸቴን፣ መኝታ ቤቱን። ስልኳ ሲጠራ አላነሣችም። ስጨርስ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

"ሶ፣ ለዳዲ አልነበረም" አለች። "ለወንበር ነበር።"

"አይደለም ልጄ" አልኳት። "የወረዱት ለኔ ብለው ነው። ሳይነሡ የቀሩት ግን ለአባትሽ ነው።"

ሰናይት ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ እንግዶቹ አየች፤ አንድ ሰው ውሃ እንዲጨመርለት በእጁ ይጠራታል። አልሄደችም። ጎንበስ ብላ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አወለቀች፣ ያን የሚያምር ሱፍ እንደለበሰች ከወንበሯ ተንሸራትታ እግሬ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ትከሻዋ መርገፍገፍ ጀመረ። እጄን ጭንቅላቷ ላይ ለማድረግ ሳጎነብስ ወንበሬ ሲጥ አለ። እሷ እንዳትነሣብኝ ብዬ እንደተጎነበስኩ ቀረሁ።